ጋዝ ከመሙላታችሁ በፊት



ዛሬ ስለ መኪና ኤሲ ልጽፍ ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። "ቲቸር፣ ላሊበላ ላይ ጋቢ ደርበን እየዋልን ኤሲ ምን ያደርግልናል?" የሚል ኮሜንት ከወዲሁ ይታየኛል። እውነት ነው፣ እኛ የምንኖረው 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ግን እህት ወንድሞቻችን ቆቦ አሉ፣ ሚሌ አሉ፣ ሎግያና ሰመራ አሉ። የላስታ መኪና ማለት እኮ ጠዋት ጋሸና ላይ በብርድ ተንቀጥቅጦ፣ በማግስቱ ጭፍራ ላይ የሚቀቀል መኪና ነው። በዚያ ላይ የደጋ መኪና ኤሲ የሚበላሽበት የራሱ የሆነ ምክንያት አለው፤ እደርስበታለሁ።

መኪናዋ የታላቅ ወንድሜ ናት። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1990ዎቹ የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ። ድሮ እንግዳ ከኤርፖርት ወደ ከተማ ታመላልስ ነበር። ኮቪድ መጣ፣ ጦርነቱ ተከተለ፣ እንግዳው ጠፋ፤ ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አሁን መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ወደ ወልድያ ኮንትራት ይሠራባታል። ቤተሰቡ የሚበላው ከእሷ ነው።

ኤሲዋ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ጋዝ ተሞላላት። የመጀመሪያው ሦስት ወር ገደማ ቆየ። ሁለተኛው ሁለት ወር አልሞላም። ሦስተኛው በሦስት ሳምንት አለቀ። ሦስቱም ቦታ የተባለው አንድ ነው፤ "ጋዝ ጨርሷል፣ እንሙላው።" አራተኛው ጋራዥ ሲሄድ ደግሞ ማብሪያውን ቢጫኑት ኮምፕሬሰሩ አልነሣም አለ። "ይሄ ሞቷል፣ ያገለገለ ከአዲስ አበባ ይምጣልህ" ተባለ። የተጠራው ዋጋ ከእኔ የሁለት ወር ደመወዝ ይበልጣል።

በሌላ ጊዜ ቢሆን "ይቅር፣ መስኮት ክፈት" ይባል ነበር። ዘንድሮ ግን እህቴ ሰመራ ላይ ሴት ልጅ ወለደች። ክርስትና በሰማንያ ቀን ነው፤ ቀኑ ሲቆጠር ሰኔ ላይ ዋለ። ሰመራን በሰኔ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። እናታችን ደግሞ የደም ግፊት አለባት፤ ከምትውጣቸው ክኒኖች አንዱ ሽንት የሚያበዛ ነው። ሐኪሟ "በዚያ ሙቀት ያለ ኤሲ ያን ያህል መንገድ እንዳትሄጂ" አላት። እማዬ ደግሞ "የልጅ ልጄ ያለ እኔ ክርስትና አትነሣም" አለች። እንግዲህ ፍረዱ።

የሐኪሙ ምክር ፊዚክስ ነው። ነፋስ የሚያቀዘቅዘን አየሩ ከቆዳችን ሙቀት በታች ሲሆን ነው። ቆዳችን 35 ዲግሪ ገደማ ነው። አየሩ 42 ከሆነ በመስኮት የሚገባው ነፋስ ሙቀት ያመጣብናል እንጂ አይወስድልንም። የሚቀረን ላባችን ብቻ ነው። ያረጀ ሰው ደግሞ እንደ ወጣት አያልበውም፣ ጥማቱም ቶሎ አይሰማውም። ውሃ ከሰውነት የሚያስወጣ ክኒን ሲጨመርበት አስቡት።

ወልድያ ውስጥ የቀድሞ ተማሪዬ የሆነ ልጅ አለ። ስሜን አትጥራ ስላለኝ አልጠራውም። የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ሳይቀር በፊት ተፈትኖ፣ ውጤት ሳይመጣለት ቀርቶ ወደ ቴክኒክና ሙያ ከሄዱት አንዱ ነው። አሁን የመኪና ኤሌክትሪክና ኤሲ ይሠራል። ክርስትናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቅዳሜ ዕለት ከወንድሜ ጋር ወረድን።

ልጁ ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት ወንድሜን መጠየቅ ጀመረ።

"ጋሼ፣ ጋዝ ካስሞሉ በኋላ በየጊዜው ስንት ስንት ቆየልዎ?"

ሦስት ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ሳምንት።

"በሚሠራበት ጊዜ፣ ሲሄዱ ነበር የሚቀዘቅዘው ወይስ ሲቆሙም?"

ሲሄድ ይሻላል፤ ገበያ መሐል ሲቆም ሙቅ ይነፍሳል።

"ክረምቱን ኤሲውን አብርተውት ያውቃሉ?"

ወንድሜ ሳቀ። "ክረምት ላሊበላ ላይ ኤሲ የሚያበራ ጤነኛ ነው?"

ልጁ ግን አልሳቀም፤ ራሱን ነቀነቀ። በሦስት ጥያቄ ግማሹን አውቆት ነበር። ከዚህ በፊት የነበሩት አራት ጋራዦች አንዳቸውም አልጠየቁትም።

እዚህ ላይ ትንሽ ክፍል ውስጥ እንግባ። ኤሲ ብርድ አምርቶ አይሰጥም፤ ከመኪናው ውስጥ ሙቀት ተሸክሞ ወደ ውጭ ይጥላል። እጃችሁ ላይ አልኮል ሲፈስ ለምን ይቀዘቅዛችኋል? አልኮሉ ሲተን ከቆዳችሁ ሙቀት ስለሚወስድ ነው። የእንስራ ውሃ የሚቀዘቅዘውም እንስራው ላብ ስለሚያወጣ ነው። ኤሲ ውስጥ የሚተነው ጋዝ አር-134ኤ ይባላል፤ በባሕር ጠለል ግፊት ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ኮምፕሬሰሩ ይጨምቀዋል፣ ይግላል። ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ሙቀቱን ለውጭ አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ያደርገዋል። ፈሳሹ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ከዳሽቦርዱ ኋላ ያለው ኢቫፖሬተር ሲገባ ግፊቱ ይወርዳል፣ እዚያ ይፈላል፣ ሲፈላ የእናንተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ከዚያ እንደገና ወደ ኮምፕሬሰሩ ይመለሳል።

ልብ በሉ፣ ይመለሳል ነው ያልኩት። ጋዙ እንደ ቤንዚን አይቃጠልም። ዙሪያውን የተዘጋ ሲስተም ነው። በብዙ ዓመት ትንሽ ትንሽ ሊቀንስ ይችላል፤ በሦስት ሳምንት ባዶ ከሆነ ግን ወጥቷል ማለት ነው፣ የወጣበት ቀዳዳም አለ ማለት ነው። "ጋዝ ጨርሷል" የሚለው የበሽታው ስም አይደለም። ቀዳዳውን ሳይፈልጉ ጋዝ መሙላት ያ በተቀደደ እንስራ ውሃ መቅዳት የምንለው ነው።

ልጁ ጌጁን ገጠመ። ሞተሩ ጠፍቶ አየሩ 25 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ጋዝ ያለው ሲስተም ከ80 ፒኤስአይ በላይ ያሳያል። የእኛ ከ30 በታች ነበር። ከዚያ ከባትሪው በሽቦ አንድ አፍታ ለኮምፕሬሰሩ ክላች ኤሌክትሪክ ሰጠው። ቀጭ! አለ።

"ሰምተዋል ጋሼ? አልሞተም። ጋዝ ሲያንስ እንዳይነሣ የሚከለክለው ስዊች አለ። የኮምፕሬሰሩ ዘይት የሚዞረው ከጋዙ ጋር ስለሆነ፣ ያለ ጋዝ ቢዞር ደርቆ ይነክሳል። ስዊቹ እያዳነው ነው።"

ወንድሜ ዝም አለ። የሁለት ወር ደመወዜ እዚያው ዳነ።

ቀጥሎ ፍለጋ ነው። የኤሲ ጋዝ በሚወጣበት ቦታ ዘይት ይዞ ይወጣል፤ ዘይቱ ላይ አቧራ ይለጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠራው መሣሪያ ዓይን ነው፤ በቱቦው መስመር እየሄዱ ጥቁር፣ ወፈር ያለ፣ እርጥብ ቆሻሻ መፈለግ። ልጁ ኮንደንሰሩ ሥር ካለው መጋጠሚያ ላይ አገኘው። ለማረጋገጥ ናይትሮጅን ሞልቶ የሳሙና አረፋ ቀባው። አረፋው ኩፍ ኩፍ አለ። የጎማ መንፊያ አየር ለምን እንዳልተጠቀመ ስጠይቀው "እርጥበት አለው ቲቸር፣ ሲስተም ውስጥ ገብቶ በጠባቡ ቀዳዳ ላይ በረዶ ይሠራል" አለኝ። መጋጠሚያውን ሲፈታው ኦሪንግ የሚሉት ቀለበት ጎሚኒ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የአዲሱ ዋጋ ከግማሽ ኪሎ ቡና ያነሰ ነው።

ስለ ክረምቱ ለምን እንደጠየቀ ደግሞ ነገረን። የኮምፕሬሰሩ ዘንግ ከውስጥ ወደ ውጭ በሚወጣበት ቦታ ሌላ ጎሚኒ አለ። ያንን የሚያረጥበው ከጋዙ ጋር የሚዞረው ዘይት ነው። መኪናው ወራት ሙሉ ኤሲ ሳይበራበት ሲቆም ጎሚኒው ይደርቃል፣ ጋዝ ማሾለክ ይጀምራል። የቆላ መኪና ኤሲ በሥራ ብዛት ሲያልቅ የደጋ መኪና ኤሲ በሥራ ማጣት ያልቃል ማለት ነው። የእኛ ላይ አረፋ ባይወጣም ትንሽ ወዝቶ ነበርና አስጠንቅቆናል፤ በሳምንት አንድ ቀን ብርድም ቢሆን አሥር ደቂቃ አብሩት።

ሌላም ጥቅም አለው። ኤሲ አየሩን ያደርቃል። ሐምሌ ላይ ጋሸና አካባቢ ጉም ውስጥ ገብታችሁ መስታወቱ በትንፋሽ ሲሸፈን ጨርቅ ይዞ ከመታገል፣ ኤሲውን ከማሞቂያው ጋር አብራችሁ ወደ መስታወት ልቀቁት፤ ወዲያው ይጠራል። ሾፌር ወዳጆቼ፣ ይቺን ለሌሎቹም ንገሩልኝ፤ ገደል ያለበት መንገድ ነው የምንነዳው።

አሁን ለእኔ ከሁሉ የጣፈጠችኝ ክፍል። አዲሱ ኦሪንግ ከገባ በኋላ ሲስተሙ በቫክዩም ፓምፕ ይመጠጣል። አየርና እርጥበት እንዲወጣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይሠራል፤ ግፊቱ ሲወርድ የቀረችው ውሃ ሳትሞቅ ፈልታ ትወጣለች። የጌጁ መርፌ ወርዶ ወርዶ 23 ኢንች አካባቢ ቆመ። ልጁ ፊቱ ጠቆረ።

"ቲቸር፣ ይሄ ፓምፕ ደክሟል። የተማርነው 29 መድረስ አለበት ብለው ነው። አዲስ ልገዛ ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው።"

"ትምህርቱ ላይ ስለ ከፍታ ምን ይላል?" አልኩት።

"ምንም።"

ቶሪቼሊን አስታወስነው። በባሕር ጠለል ላይ አየር የሜርኩሪን ዓምድ 76 ሴንቲ ሜትር ያቆማል፤ በኢንች 29.9 ማለት ነው። ጌጁ የሚለካው በውጭው አየርና በውስጡ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ወልድያ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ የውጭው አየር ራሱ 59 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያቆመው፤ ወደ 23 ኢንች። ውስጡ ፍጹም ባዶ ቢሆን እንኳ መርፌው ከዚያ አያልፍም፤ ያልፋል የሚል ካለ ጌጁ ተበላሽቷል። ላሊበላ ብንሆን ከዚህም ያንስ ነበር፤ ጅቡቲ ብንሆን 29 ይገባ ነበር።

ትንሽ አሰበና "ታዲያ ፓምፔ ደህና ነው ማለት ነው?" አለ።

"ዘግተህ አቆየው፤ መርፌው ሳይመለስ ከቆየ ፓምፕህም ደህና ነው፣ መኪናውም አያፈስም።"

ዘጋው። ሃያ ደቂቃ ቆየን፤ መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። ልጁ ፓምፑን እንደ በግ ጀርባ መታ መታ አደረገው። ያ ሁሉ ያጠራቀመው ገንዘብ ለሌላ ነገር ይሆነዋል።

ጋዙን በሚዛን ሞላው። ይሄንንም ያዙልኝ። የብዙ መኪና ኮፈን ሥር ስንት ግራም እንደሚወስድ የሚናገር ወረቀት ተለጥፏል። በጌጅ ብቻ መጠን አይታወቅም። ውስጡ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ የቆመ ሲስተም ግፊት የሚወሰነው በሙቀቱ ነው፤ የወጥ ቤት ሲሊንደር ሊያልቅ ሲል እንኳ ግፊቱ እንደማይታወቀው ማለት ነው። ሲበዛም ጥሩ አይደለም፤ ኮንደንሰሩን ፈሳሽ ይሞላዋል፣ ማቀዝቀዙ ይቀንሳል፣ ኮምፕሬሰሩ ይጎዳል።

በራ። ቀዘቀዘ። ወንድሜ እጁን ወደ ኪሱ ሲልክ ልጁ "ገና ነው ጋሼ" አለው። መኪናዋን ቆማ እንድትሠራ አደረጋት። የከፍተኛው ግፊት መርፌ እየወጣች፣ እየወጣች ሄደች፤ የኮንደንሰሩ ቬንትሌተር አይዞርም ነበር! "ሲሄድ ይሻላል፣ ሲቆም ይሞቃል" የሚለው መልስ ይሄ ነበር። ሲሄዱ ነፋሱ ራሱ ያቀዘቅዘዋል፤ ሲቆሙ ግን ቬንትሌተር ከሌለ ሙቀቱ የሚሄድበት የለም። የተቃጠለችው ሪሌዋ ናት። ተቀየረች፤ አለቀ።

የእጅ ዋጋ አልቀበልም አለ። ወንድሜ በግድ ሰጠው፤ ያ ሥራ ከጠየቀው በላይ ዋጋ አለው።

ልጁን እያየሁ የማስበው ሌላ ነገር ነበር። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም ሰምተናል። ስለ ሦስቱ ብዙ ተወርቷል። ዘጠና ስድስቱ የት እንደገቡ የጠየቀ ጥቂት ነው። ይሄ ልጅ ከዘጠና ስድስቱ ወገን ነው። ጠይቆ፣ አዳምጦ፣ በቅደም ተከተል ፈትኖ፣ አንዱን ችግር ካገኘ በኋላ እንኳ "ገና ነው" የሚል ሰው ነው። ሳይንስ ማለት ከዚህ ሌላ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ሰማንያው ቀን ደረሰ። ወልድያ አድረን ሌሊት 11 ሰዓት ተነሣን። ከጭፍራ በኋላ ውጭው እንደ እንጀራ ምጣድ ሲሆን እማዬ ከኋላ ወንበር ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ሳበችና "ኧረ ቀንሱት፤ የጋሸና ብርድ እስከዚህ ተከትሎን መጣ?" አለች። ወንድሜ እስኪያለቅስ ሳቀ። ግፊቷን ሰመራ ስንደርስ አስለካናት፤ ደህና ነበር። ልጅቷ ክርስትና ስትነሣ አያቷ አቅፋታለች። ለዚያ ልጅም ዘይትና ሳሙና ሳይቀር ስሙ እየተጠራ ተመርቆለታል።

ለማስቀመጥ የምትፈልጉ፣ ባጭሩ፦

1. ማብሪያውን ስትጫኑ ከኮፈኑ ሥር "ቀጭ" የሚል ድምፅ ስሙ። ከሌለ ፊውዝ፣ ሪሌ፣ ከዚያ የጋዝ ግፊት ይታይ። "ኮምፕሬሰሩ ሞቷል" የሚለው ፍርድ የመጨረሻው ይሁን።

2. ክላቹ ይነሣል፣ ሲሄድ ይቀዘቅዛል፣ ሲቆም ይሞቃል? ቬንትሌተሩን እዩ፤ ኮንደንሰሩ በአቧራና በሣር ተደፍኖ እንደሆነም በቀስታ በውሃ እጠቡት።

3. ጀምሮ ቀዝቅዞ ከቆየ በኋላ መንፈሱ ይቀንሳል፣ ጠፍቶ ሲያርፍ ይመለሳል? ኢቫፖሬተሩ በረዶ እየሠራ ሊሆን ይችላል።

4. ጋዝ ጎድሏል ከተባላችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ "በየት በኩል ወጣ?" መልስ ከሌለ አታስሞሉ።

5. ማንም የወጥ ቤት ጋዝ እንዲሞላላችሁ አትፍቀዱ። ያቀዘቅዛል፤ ግን ይቀጣጠላል። ኢቫፖሬተሩ ያለው ከጉልበታችሁ ፊት ነው።

6. የድልብን ዳገት ስትወጡ ኤሲውን አጥፉት። በእኛ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ወደ ሩብ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣል። ውሃም በ2,500 ሜትር ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ የራዲያተር ክዳናችሁ ግፊት የሚይዝ መሆኑን አረጋግጡ፣ ትኩስ እያለ ደግሞ አትክፈቱት።

7. ጋዙን ወደ አየር አትልቀቁ። የድሮው አር-12 የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ሥር እንዲቀር ተደርጓል። አር-134ኤ ኦዞንን አይነካም፤ ግን በመቶ ዓመት ሲሰላ አንድ ኪሎው ምድርን የሚያሞቀው ከ1,400 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ነው። እሱም እንዲቀንስ እ.ኤ.አ. በ2016 ኪጋሊ ላይ ስምምነት ተደርጓል። መኪናችንን ለማቀዝቀዝ ሰመራን ይበልጥ ባናሞቃት ጥሩ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ኤሌክትሪኩ እስኪደርሰን ድረስ እነዚህ ያረጁ ኮሮላዎች ገና ብዙ ክርስትና፣ ብዙ ለቅሶ፣ ብዙ ሕመምተኛ ያደርሳሉ። ሳንቸኩል ጠይቀን እናሠራቸው።

ዘንድሮ ለምታስተምሩም ለምትማሩም፦ መጽሐፉ ላይ የባሮሜትሩ ሥዕል ያለበትን ገጽ አትዝለሉት። ወልድያ ላይ አንድ ፓምፕ አድኗል።

ጥሩ የኤሲ ባለሙያ የምታውቁ፣ በየከተማችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ መንገደኛ ይጠቀማል።

ቸር እንሰንብት።